ሥዕል ለሕፃናት፤ ልመና ወይስ ምስክርነት?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ሰው ያላየውን ነገር አይወደውም፤ አያዝንለትምም። የሕፃናት ችግር ደግሞ ከብዙ ችግሮች ይልቅ ከዓይን የሚሰወር ነው። ዐዋቂ ሰው ሲበደል አቤት ይላል፤ ማመልከቻ ያስጽፋል፤ ከዳኛ ፊት ይቆማል። ሕፃን ግን ሲራብ ያለቅሳል፤ ሲደክመው ይተኛል፤ ከዚህ በላይ የሚያቀርበው አቤቱታ የለውም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊናገርለት ግድ ነው። ከሚናገሩለትም ሰዎች አንዱ ሠዓሊው ነው።

ሠዓሊ ስለ ሕፃናት ደኅንነት ሊናገር እንደሚገባው የሚጠራጠር ሰው አናገኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዴት ይናገር የሚለውን ጥያቄ ነው። በእኛ አስተያየት ስለ ሕፃናት የሚሠሩት ሥዕሎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ሕፃኑን ከተመልካቹ ደጃፍ አቁመው ያስለምኑታል። ሌሎቹ ደግሞ በሕፃኑ ላይ የሆነውን ነገር እንደ ታማኝ ምስክር መርምረው ቃላቸውን ይሰጣሉ። ሁለቱም ልብን ይነካሉ፤ የሚያፈሩት ፍሬ ግን አንድ አይደለም። ይህን ለማስረዳት የሁለት ጠቢባንን ሥራ እንመለከታለን፤ እነርሱም አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሉዊስ ሃይንና ጀርመናዊትዋ ሠዓሊ ኬቴ ኮልቪትስ ናቸው። ከዚያም ነገሩ ወደሚነካን ወደ ገዛ አገራችን እንመለሳለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ሃይን በ1874 ተወለደ። በኒውዮርክ ከተማ አስተማሪ ነበረ፤ ካሜራንም የለመደው በዚሁ በማስተማር ሥራው ላይ ነው። በ1908 የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለማስቀረት የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ በፎቶግራፍ አንሺነት ቀጠረው። በዚያ ዘመን ነገሩ ምን ያህል የከበደ እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1900 በአሜሪካ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆነ 1,750,000 ያህል ልጆች ሠራተኞች ሆነው ተመዝግበው ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት በእኛ ዘንድ የልጅን ሥራ ለማቃለል ይነገራል። የከሰል ማዕድንና የጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች ግን ልጅ ያቦካው ለትርፍ እንደሚበቃ ደርሰውበት ነበር።

ባለቤቶቹ ካሜራ የያዘ ሰው በደስታ እንደማያስገቡ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሃይን አንዳንድ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዳንድ ጊዜም የፖስት ካርድ ነጋዴ መስሎ ይገባ ነበር። የሰደርያው ቁልፎች እያንዳንዳቸው ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ አስቀድሞ ለክቶ ያውቅ ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ አጠገቡ ሲቆም ማንም ሳያውቅበት ቁመቱን ይለካል። እጁንም ከኪሱ አግብቶ በዚያው ውስጥ ማስታወሻውን ይጽፋል። ይህን የምንተርከው ስለ ብልጠቱ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ሥዕሉ በሸንጎ ፊት ሙግት እንደሚገጥመው ዐውቆ እንደ ሠራ ለማሳየት ነው።

ከሥራዎቹ አንዱን ለይተን እንመልከት። ፎቶግራፉ የተነሣው በታኅሣሥ ወር 1908 በሰሜን ካሮላይና፣ ዊትኔል በሚባል ስፍራ በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ ከረዥሙ የፈትል መኪና አጠገብ ቆማ ወደ እኛ ትመለከታለች። መኪናው ከአጠገብዋ ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ጥልቀት እየራቀ ይሄዳል። ልጅቱ አታለቅስም፤ እጅዋንም አትዘረጋም። ሃይን ከፎቶግራፉ ጋር ያቆየው ማስታወሻ ደግሞ እንዲህ የሚል ፍሬ ነገር አለው፦ ቁመትዋ 51 ኢንች፣ ማለት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ነው፤ በፋብሪካው አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አንዳንድ ጊዜ ሌሊትም ትሠራለች፤ የቀን ደመወዝዋ 48 ሳንቲም ነው። ዕድሜዋን ሲጠይቃት ጥቂት አመነታችና አላስታውስም አለችው። ቀጥላም ምሥጢር እንደምታካፍል ሰው፣ ለሥራ የሚያበቃ ዕድሜ እንደሌላትና ሆኖም እንደምትሠራ ነገረችው። ከ50 ሠራተኞችም መካከል እርስዋን የሚያህሉ ዐሥር ልጆች እንደ ነበሩ ጽፎአል።

የዚህ ሥራ ውበት ምንድን ነው? አንደኛ፣ መኪናውና ልጅቱ በቁመት አለመመጣጠናቸው ያለ አንዳች ንግግር ይታያል። መኪናው የተሠራው በዐዋቂ ልክ ነው፤ ከፊቱ የቆመችው ግን ሕፃን ናት። ፎቶግራፍ አንሺው ልጅቱን ለብቻዋ አቅርቦ ፊትዋን ብቻ ቢያሳየን ኖሮ፣ እናዝንላት ነበር እንጂ ስለ ፋብሪካው አናስብም ነበር። ሁለተኛ፣ ልጅቱ በፊታችን የቆመችው እንደ ሙሉ ሰው ነው። ትመለከተናለች፤ ትታዘበናለች ማለትም ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ አይነጣጠሉም። ፎቶግራፉን ብቻ ያየ ሰው «ምስኪን!» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ቁመትዋን፣ ደመወዝዋንና የሌሊት ሥራዋን ያነበበ ሰው ግን «ማን ቀጠራት? የትኛውስ ሕግ ፈቀደለት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምስክር ማለት ይህ ነው፤ የት፣ መቼና እንዴት እንደ ሆነ የሚናገር ነው።

ይሁን እንጂ ሥዕል ብቻውን ሕግ ያወጣል ብለን አንባቢን አናታልልም። ኮሚቴው የሃይንን ፎቶግራፎች በጽሑፍ፣ በኤግዚቢሽንና በትምህርታዊ ንግግር በየቦታው አሰራጨ። የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1916 የሕፃናትን ሥራ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው። በመላው አገር የሚጸና ሕግ የተገኘው በ1938 ነው፤ የዊትኔልዋ ልጅ ፎቶግራፍ ከተነሣች ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሃይን ራሱ በ1940 በድህነት ሞተ። ሥዕል ዘርን የሚዘራ ሲሆን፣ የሚኮተኩቱትና የሚያጭዱት ግን ሕግ ዐዋቂዎች፣ መምህራንና ባለሥልጣኖች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ኬቴ ኮልቪትስ እንለፍ። እርስዋ የተወለደችው በ1867 ነው። ባልዋ በበርሊን የድኾች ሰፈር ሐኪም ስለ ነበረ፣ የሠራተኛውን እናትና የታመመውን ሕፃን የምታውቃቸው ከቤትዋ ደጃፍ ነው። ታናሹ ልጅዋ ጴጥሮስ በጥቅምት 1914 በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስለ እናትና ስለ ልጅ የሠራችው ሁሉ ይህ ኀዘን አለበት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ድኻው ሲራብ፣ «የጀርመን ልጆች ተርበዋል» የሚል በድንጋይ ላይ ተሥሎ በማተሚያ የሚባዛ የግድግዳ ማስታወቂያ ሠራች። በሥዕሉ ላይ ሕፃናት ባዶ ሳሕናቸውን ወደ ላይ አንሥተው በትልልቅ ዓይኖቻቸው ይመለከታሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ሳያይ እንዳይሄድ የሚያደርግ ብርቱ ሥራ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ይህ ሥዕል ከልመና ወሰን ላይ የቆመ ነው። ሳሕኑን ማን ባዶ እንዳደረገው አይነግረንም፤ ዓይኖቹም ከልክ በላይ ይማጠናሉ። ለዚያች ለክፉዋ ሰዓት የተሠራ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ እርስዋው ራስዋ ሠርታለችና ከዚያ ጋር እናነጻጽረው።

እርሱም በ1924 የሠራችው «ዳቦ» የተባለው ሥዕል ነው። ሁለት ልጆች እናታቸውን ልብስዋን ይዘው ይጎትትዋታል። እናቲቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ፊትዋ አይታይም። የዚህ ሥዕል ኃይል በዚህ በማይታየው ፊት ላይ ነው። «የሰው ፊት ያቃጥላል» የሚለውን አባባል የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥዕል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሠዓሊዋ የእናቲቱን ገመና ሸፈነችላት። ለልጅዋ የምትሰጠው ያጣች እናት ፊት እንዲታይ አልፈቀደችም፤ በዚህም ምክንያት እኛ በልባችን እንድንሥለው ተገደድን። ማስታወቂያውን ስናይ ሳንቲም ለመስጠት እጃችንን ወደ ኪሳችን እንሰዳለን። «ዳቦን» ስናይ ግን በመጀመሪያ እናፍራለን፤ ቀጥሎም እናት እዚህ ደረጃ ላይ እንዴት እንደ ደረሰች እናስባለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዕድሜዋ ከሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ «የዘር እህል መፈጨት የለበትም» የሚል ርእስ ያለው የመጨረሻ የድንጋይ ኅትመትዋን ሠራች። አንዲት አሮጊት እናት ሁለቱን ክንዶችዋን እንደ ድንኳን ዘርግታ ወንዶች ልጆችን ከሥርዋ ሰብስባለች። ልጆቹ የሚሆነውን ለማየት ብቅ ሊሉ ይሞክራሉ፤ እርስዋ ግን አትለቃቸውም። በዚህ ሥዕል ውስጥ እንባ የለም፤ ልመናም የለም፤ ትእዛዝ ብቻ አለ። የእኛም ገበሬ የቱንም ያህል ቢቸገር ለዘር ያስቀመጠውን እህል ወደ ወፍጮ ላለመውሰድ እንዴት እንደሚታገል እናውቃለንና፣ የርእሱ ትርጉም ለእኛ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሥዕል ሕፃንን በክብር ሲያሳይ የኖረ ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ በሚባለው ሥዕል ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ በእጁ ይዞ ይታያል። ትርጓሜው የሃይማኖት መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ዓይናችን ሕፃንን በግርማ ማየትን ከዚያ ተምሮአል ብንል አንሳሳትም።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ኢትዮጵያ ሕፃን በዓለም የተሰራጨው ምስል ሌላ ነው። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረሀብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ተደርጎ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ያ ፊልም የብዙ ሰው ነፍስ እንዲድን ምክንያት ሆኖአል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ፊልም የምስክር ቃል ነበረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ደጋግመው ያባዙት ምስል ግን ስምና መንደር የሌለው፣ ዝንብ የወረረው አንድ የሕፃን ፊት ሆኖ ቀረ። በምስሉ ላይ ድርቁ ይታያል፤ ረሀቡን ያባባሱት ጦርነትና የአስተዳደር በደል ግን አይታዩም። አገር ሙሉ በዚያ ፊት ተሰየመ። በውጭ አገር ያደገ ብዙ ኢትዮጵያዊ ልጅም ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስለ አገሩ የሰማው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። የአውሮጳ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ራሳቸው በ1989 ስለሚያሠራጩት ምስል የሥነ ምግባር ደንብ ማጽደቃቸው፣ ስሕተቱ የታወቀ መሆኑን ያስረዳል።

ዛሬም በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የታመመ ሕፃን ፊት እየቀረበ እርዳታ ይጠየቃል። የቸገረው ወላጅ ይህን ቢያደርግ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ፍርዱ በጠቢቡ ላይ ነው፤ እርሱ ጊዜና ዕውቀት አለውና። ያ ሕፃን ነገ አድጎ ሥዕሉን ቢያይ ያፍርበታል ወይስ አያፍርበትም? ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

የምንለውን በአንድ ምሳሌ እንዝጋ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ ልጅ ለመሣል የሚነሣ ወጣት ሠዓሊ አለ እንበል። የልጁን የተቀደደ ልብስና የተከዘ ፊት ብቻ ቢሥል፣ ሥዕሉ ምናልባት ይሸጥ ይሆናል፤ ገዢውም በሳሎኑ ሰቅሎ ይረሳዋል። ነገር ግን ልጁን በሥራው ላይ እንዳለ፣ ቀና ብሎ እንደ ተቀመጠ ቢሥለው፤ ከበስተጀርባውም እኩዮቹ ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቢያሳይ፤ በሣጥኑም ላይ በደንብ የተወለወለ አንድ የዐዋቂ ጫማ ቢያኖር፣ ያን ጊዜ ተመልካቹ ወደ ገዛ እግሩ መመልከቱ አይቀርም። መምህሩ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የጎደለውን ተማሪ ያስባል፤ ባለሥልጣኑም ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ፋይል ያስታውሳል። ሕፃኑ ከማንም ምንም አልለመነም፤ ጫማው የማን እንደ ሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።