ሳትታዘዝ የምታደርገው

ጋይንት ውስጥ ሰው ፊቱ ሳይታይ ይታወቃል። በገበያ ቀን ማምሻ አያቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ከማዶ ዳገቱን የምትወጣ አንዲት ነጭ ነጥብ ትጠቁመኝና የማን ልጅ እንደሆነች ትነግረኝ ነበር። «በምን አወቅሽ?» ስላት፣ «አረማመዷን አታይም? ሸክሟን ሳታወርድ ነው የምታርፈው» ትለኛለች። የነጠላዋ አጣጣል፣ የመቀነቷ አተሳሰር፣ ዳገት ላይ ጎንበስ የምትልበት ሁኔታ ለአያቴ ከፊት ይበልጥ ይናገሩ ነበር። ጠጉርም ቋንቋ ነበረው፤ ሳዱላ የተላጨች ልጅ አለማግባቷ ከሩቅ ይነበባል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን መንገድ ግን ሌላ ነው። ጻድቁን ሙሉ ፊቱን ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሥሉታል፤ ክፉውን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ተመልካቹ ታሪኩን ባያውቅ እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ከዓይን ቆጥሮ ይረዳል። የቪዲዮ ጌም ሠሪ ይህ ዕድል የለውም። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከጀግናዋ ኋላ ስለሚቆም፣ ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓት የሚያየው ጀርባዋን ነው። ስለዚህ ባሕርይዋን የሚጽፈው አያቴ በምታነብበት ፊደል ነው።

በዚህ ፊደል ቀድመው ከተጻፉት ገጸ ባሕርያት አንዷ ላራ ክሮፍት ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ የነበረው ኮር ዲዛይን «ቶምብ ሬደር» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ የላራን መልክ የፈጠረው ቶቢ ጋርድ ነበር። ለላራ ረጅም ጉንጉን ታስቦላት ነበር፤ የዘመኑ ማሽን ግን የሚወዛወዝ ጠጉር አልችል ስላለ፣ በጨዋታው ውስጥ ጠጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ቀረ። በ1997 በወጣው ሁለተኛው ጌም ጉንጉኑ ተለቀቀ። ስትዘል ወደ ላይ ይነሣል፤ ስትዞር ዘግይቶ ይከተላል፤ እሷ ከቆመች በኋላ ይቆማል። ፊቷ በማይታይበት ቦታ ጀርባዋ ላይ ሕይወት ተዘራ።

ከጉንጉኑ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ላራ ገደል ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ የመራመጃውን ቁልፍ ይዘው ወደ ላይ ቢሏት፣ እንደ ወትሮው እየጎተተች አትወጣም። እግሮቿን ቀስ አድርጋ ወደ ሰማይ ታነሣለች፣ በእጆቿ ትቆማለች፣ ከዚያ ተገልብጣ በእግሯ ትቆማለች። ይህ ነጥብ አያስገኝም፤ መንገድ አያሳጥርም፤ እንዲያውም ያዘገያል። ጌሙ አይጠይቀውም፣ አይሸልመውም። እንዲያ የምታደርግ ሴት ግን በሰውነቷ የምትኮራ፣ በአደጋ መካከል እንኳ መጫወት የማትተው መሆኗን አንድም ቃል ሳይነገረን እናውቃለን።

ይህ ጋይንት ያለችውን ቤተ ልሔምን፣ የድጓ ማስመስከሪያዋን ያስታውሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቶማስ ፓከናም የተባለው ጸሐፊ ሲደርስባት፣ ከውጭ የታየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር። ከውስጥ ግን በድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር። የላራም ውጭ አሳሳች ነው። ቁምጣዋና የተጋነነ ደረቷ የማስታወቂያ ክዳን ሆኑ፤ ብዙ ሰውም ከክዳኑ አላለፈም። ሙያው ያለው ከውስጥ፣ በአካሄዷ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ክሪስታል ዳይናሚክስ ላራን ገና ልምድ የሌላት ወጣት አድርጎ እንደገና ሲሠራት ይህን ሙያ አራቀቀው። በግድግዳ አጠገብ ስታልፍ እጇን ዘርግታ ትነካዋለች። ከቆሰለች በኋላ ጎኗን ደግፋ ትራመዳለች። እዚህ ላይ ግን ስፌቱ የሚተረተርበት ቦታ አለ፤ ስትንቀጠቀጥ የነበረችው ልጅ ጥቂት ቆይታ ሰው እንደ ገለባ ትጥላለች። መልኳ አንድ ሰው፣ ሥራዋ ሌላ ሰው ይሆንብናል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተከታይ ጌም ውስጥ ደግሞ ከውኃ ስትወጣ ጠጉሯን ይዛ ትጨምቀዋለች። ትንሽ ነገር ናት። መዝለሉን፣ መተኮሱን፣ መሮጡን ያዘዛት ተጫዋቹ ነው፤ ስለዚህ ድፍረቱ የተጫዋቹ ነው ሊባል ይችላል። ጠጉሯን እንድትጨምቅ ግን ማንም አላዘዛትም። የእሷ የሆነው ሳትታዘዝ የምታደርገው ነው። ሠሪዎቹም ብዙ የደከሙት ተጫዋቹ ልብ ሳይለው ሊያልፍ በሚችለው በዚህ ቦታ ላይ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባም ጌም ይሠራል፤ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ለማምለጥ የምትሮጥ ዶሮን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ወጥቷል። ነገ አንዱ ወጣት የእስቴን ወይም የስማዳን ልጅ ጀግና አድርጎ ቢነሣ፣ ጥልፍ ቀሚስና ሹሩባ መሣል አይቸግረውም። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የበሽሎን ወንዝ ቁልቁለት ወርዳ፣ ዳገቱን ከመጀመሯ በፊት ተጫዋቹ ቁልፉን ለቆ ሲያርፍ እሷ ምን ታድርግ? እኔ ብሆን ሸክሟን አላስወርዳትም። በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው መቀነቷን ታጥብቅ።