ማረሻ ሲመረጥ

የእንጨትና የብረት ጥበብ ሲነሣ ዐይናችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የመጾር መስቀሉን ሐረግ፣ የመቋሚያውን እጀታ እናደንቃለን። እኔ ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የባለሙያን እጅ ለመለካት ጌጥ የሌለውን ዕቃ፣ የገበሬውን ማረሻ ከነሞፈሩ፣ አስቀድማለሁ። ጌጥ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ማረሻ ግን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በበሬ ጉልበት ሲጎተት የሠሪውን ስንፍና በአንድ ማለዳ ያወጣዋል።

ዘመሮ ወይም መሐል ሜዳ ገበያ ማረሻ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉን ያያል። ጫፍ ሲደንዝ ወናፍ ፊት ተመልሶ ይሳላል፤ ሊታይ የሚገባው የመያዣው እንጨት፣ እርፉ፣ የሚገባበት ጎን ነው። ብረቱ ከግራና ከቀኝ ተጠፍጥፎ ሲታጠፍ ሁለቱ ከንፈሮች ውፍረታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከሳሳ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ቁጥር እየተከፈተ ይሄዳል። ገበሬው ሽብልቅ ደራርቦበት ካያችሁ፣ ማረሻውን የያዘው የቀጥቃጩ ሙያ ሳይሆን ሽብልቁ ነው። ብረቱም ይለያያል። የመኪና ባሌስትራ ካርቦን ስላለው ግሎ ውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ በመጠኑ ሞቆ ካልለዘበ ግን ይሰበራል። ፌሮ አይሰበርም፣ ቶሎ ያልቃል። የተሰነጠቀ ብረት በድንጋይ ሲመታ ድምፁ ይታፈናልና ጆሮም እንደ ዐይን ይሠራል። ሞፈሩ ላይ የእንጨቱን ጭረት ተከተሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ ይኖርበታል። ወይራ ይጠነክራል ግን ይከብዳል፤ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ቀላል ቢሆንም ሳይደርቅ ከተጠረበ ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቅ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ እርፉ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዝ ነው። ጥሩ ጠራቢ እዚያ ቦታ ላይ እንጨት አይቆጥብም።

«ይህ መሣሪያ እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ይህ ልዩነት ከዕቃው ይልቅ ከሠሪው ማዕረግ የመጣ ይመስለኛል። ሥዕል የሠራ ሲከበር ብረት የቀጠቀጠ ቡዳ ሲባል ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ መከልከላቸው ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። ስሙን ማንም ያልጠየቀውን ሰው ሥራ «ተራ» ማለት ቀላል ነው። የሚከብደው ሌላው መከራከሪያ ነው፤ ማረሻ ኋላ ቀር ነው፣ አፈር በቅጡ አይገለብጥም፣ ታዲያ በሱ ሙያን መለካት ምን ይጠቅማል? አለመገልበጡ እውነት ነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለጥቁር መሬት ውሃ ማፍሰሻ መደብ የሚሠራ መሣሪያ ሲያዘጋጅ፣ በጎረቤት እነዋሪም ሲሞክረው፣ የተነሣው ሁለት ማረሻዎችን ጎን ለጎን ከማያያዝ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነባሩ ዕቃ በሁለት በሬ ይጎተታል፣ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ዳገት ይወጣል፣ ሲሰበርም የሰፈር ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። ከባድ የብረት ማረሻ እነዚህን ሦስቱንም ያሳጣል። በዚህ ክብደትና በዚህ ጉልበት ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው ሙያው።

ከዕቃው ክፍሎች የቀረው በማረሻው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እንጨቶች፣ ድግሮቹን፣ የሚይዘው ብረት፣ ወገሉ ነው፤ ከልክ በላይ ከላላ ድግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሌላ ብዙ የሚባልለት የለም። ባለሙያዎችን ለማወዳደር ግን አዲስ ማረሻ ብቻ አትመልከቱ፤ ቀጥቃጩ ለጥገና የመጡለትን አሮጌዎች እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከሁለቱም ጎን እኩል ያለቀ ማረሻ ቀጥ ብሎ የተሠራ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የተበላ ከሆነ፣ ገበሬው አዘንብሎ የሚያርስ ካልሆነ በቀር፣ ወይ ብረቱ ጠማማ ነው ወይ አንዱ ድግር ከሌላው ይረዝማል። ጥፋቱ የቀጥቃጩ ይሁን የጠራቢው ለመለየት ድግሮቹን አውልቃችሁ ጎን ለጎን ለኩ።