«የመኪና ጥገና ተለማማጅ» ስለሚለው ስያሜ

የሙያ ስያሜዎች በሚመረመሩበት ጊዜ አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ ቃሉ አማርኛ ነው ወይስ ባዕድ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ትችት ግን ከዚህ ይለያል። እዚህ የምንመለከተው ስያሜ ሦስት ቃላት አሉት፤ ሦስቱም በአማርኛ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ላይ ሲሰለፉ አንባቢን ያሳስታሉ።

ጉዳዩን እንድንመረምር ምክንያት የሆነን በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማንኩሳ ያገኘነው አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ ጋራዥ ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠርቷል። መኪና ከሚገጣጥም አንድ ፋብሪካ የወጣውንና ከባዕድ ቋንቋ የተተረጐመውን ማስታወቂያ አንብቦ፣ «የመኪና ጥገና ተለማማጅ» ለመሆን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተፈተነ። ፈተናው ስለ ፍሬን፣ ስለ ፍሪሲዮን ወይም ስለ ባሌስትራ አንዳች አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ስለ አየር መጭመቂያ፣ ስለ ብየዳ መሣሪያና ስለ ክሬን ነበር። «እኔ እኮ ጋሼ፣ መኪና የሚጠግን ሰው የፈለጉ መስሎኝ ነበር» አለን። ማስታወቂያውን ያነበበው በትክክል ነው፤ ስሕተቱ የተርጓሚው ነው።

የባዕዱ ስያሜ የሚያመለክተው በመኪና ፋብሪካ ውስጥ የማምረቻ መሣሪያዎችን በደኅና ይዞ ማቆየትን የሚማር ሰው ነው። ይህ ሰው የሚንከባከበው መኪናውን የሚሠራውን መሣሪያ እንጂ መኪናውን አይደለም። በተርታ ከተተከሉት መሣሪያዎች አንዱ ቢቆም ከኋላው ያለው ሥራ ሁሉ ስለሚቆም ኀላፊነቱ ከባድ ነው። እንግዲህ ይህ ፍች በትርጉሙ ውስጥ እንዴት እንደጠፋ ቃላቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

«መኪና» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በምንጩም ቋንቋ መሣሪያንና ተሽከርካሪን በአንድነት ይጠራል። አማርኛም ሁለቱን ፍቾች ተቀብሎ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና፣ የጭነት መኪና ይላል። ገላጭ ሳይታከልበት ብቻውን ሲቆም ግን ዛሬ ለሰሚው የሚታየው ተሽከርካሪው ነው፤ የሌላውን ፍች ቦታ «ማሽን» ይዞታል። ስለዚህ በመኪና ፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ «የመኪና ጥገና» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የማሽን ጥገና ማለቱ ቢሆን እንኳ፣ ሐሳቡን የሚረዳለት አንባቢ አያገኝም።

«ጥገና» ደግሞ አስቀድሞ ስብራትን የሚጠይቅ ቃል ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ ያዘመመ ቤት ይጠገናል። የፋብሪካው ሠራተኛ ሥራ ግን አብዛኛው ከብልሽት በፊት የሚፈጸም ነው፤ ዘይት ይለውጣል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ ሙቀትና ንዝረት ይለካል፣ ጊዜው የደረሰ ኩሽኔታ ሳይሰበር ይቀይራል። የማንኩሳ ገበሬም ይህን ዓይነቱን ሥራ ያውቀዋል። ዝናብ ሳይጥል ማረሻውን ያስቀጠቅጣል፣ ምራኑን ይመረምራል፣ የላላ ወገል ያጠብቃል። ይህ መሰናዶ እንጂ ጥገና አይባልም።

ሦስተኛው ቃል «ተለማማጅ» ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በክረምት ለሁለት ወር ፋብሪካ ሲገባ ተለማማጅ ይባላል፤ በውል ታስሮ እየሠራ ለዓመታት የሚማረውም በዚያው ስም ይጠራል። «ለማጅ» እንዳንል ቃሉን የመንጃ ትምህርት ወስዶታል፤ «የመኪና ለማጅ» ቢባል የሚታወሰን መሪ የያዘው ጀማሪ ነው። ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ባለታሪክ የሆነው የበዛብህ የትውልድ ስፍራ መሆኗን አንባቢ ያስታውሳል። በዛብህ በተማረበት በቅኔ ቤት ቅኔ ቆጣሪው ሌላ፣ አስነጋሪው ሌላ ነው። ቋንቋችን የተማሪን ደረጃ ለይቶ መሰየም እንደማይሳነው ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

«ባለሙያው እየሠራ ይለምደዋል፤ ጋራዡ ያለ አካዳሚ እርዳታ ካንዴላና ማርሚታ ብሎ ተግባብቷል» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በዚህ በኩል ተቃዋሚው እውነት አለው። ካንዴላን በአዲስ ፍጥርጥር ቃል ለመተካት መድከም ከንቱ ነው፤ ቃሉ አንድ ዕቃን ለይቶ ይጠራልና። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስያሜን በሚመለከት የተደረገው ክርክር ብዙው በባዕድ ቃላት ላይ ያተኮረ ነበር። እኛ የምንለው ግን የስያሜ ሥራ ፍሬ የሚመዘነው ልዩነትን በመጠበቁ ነው የሚል ነው። ካንዴላ ልዩነትን ይጠብቃል፤ «የመኪና ጥገና» ግን አማርኛ መስሎ ልዩነትን ይሰውራል።

በኛ አስተያየት ለዚህ ሥራ «አያያዝ» የሚለውን ነባር ቃል መጠቀም ይቻላል። ባለንብረቱ ዕቃውን ሳያበላሽ ሲያቆይ «አያያዙ ጥሩ ነው» ይባላል፤ «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት» የሚለው ተረትም ቃሉ በሕዝብ አፍ ሥር የሰደደ መሆኑን ያሳያል። ስለሆነም የጋራዡን ሥራ «የተሽከርካሪ ጥገና»፣ የፋብሪካውን «የማምረቻ መሣሪያዎች አያያዝና ጥገና»፣ ተማሪውንም «ባለውል ተለማማጅ» ብንል ይሻላል እንላለን። ስያሜው ረዘም ማለቱን አንክድም፤ ነገር ግን ርዝመቱ ከማንኩሳ አዲስ አበባ በከንቱ ከመመላለስ ያነሰ ጉዳት ነው። «አያያዝ» የሰውን ጠባይ ለመግለጽም ስለሚያገለግል ብቻውን እንዳይቆም ያስፈልጋል።

ሞጆ ላይ ይገጣጥም የነበረውና ዛሬ የሌለው ሆላንድ ካር ለመኪኖቹ እንደ አባይ ያሉትን የአገራችንን ወንዞች ስም ያወጣላቸው ነበር። ለሚሸጠው ዕቃ ስም ለማውጣት ይህን ያህል ከተታሰበ፣ ዕቃው የሚሠራበትን መሣሪያ ለሚጠብቀው ሠራተኛም ትክክለኛ ስም ማውጣት ይገባል። በመገጣጠሚያ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው የሚጠሩበትን ስም የሰሙ ተርጓሚዎች ቢያካፍሉን፣ ያቀረብነውን ሐሳብ በዚያ መዝነን ለማረም ዝግጁ ነን።