ካሣ የሌለበት መብት፤ በአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ፍርዶች ላይ የቀረበ ሒስ

«የተበደለ ከነጋሽ፣ የተጠማ ከፈሳሽ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ መሄድ እንደሚገባው ብቻ የሚያስተምር አይደለም፤ የደረቀ ወንዝ ለተጠማ እንደማይረባው ሁሉ፣ ካሣ የማያስገኝ ችሎትም ለተበደለ እንደማይረባው ጭምር ያመለክታል። የዚህ አነስተኛ ጥናት ጥያቄ ከዚሁ የተነሣ ነው። በአሜሪካ አገር በአሠሪው በኩል የጤና ኢንሹራንስ ያለው አንድ ሠራተኛ፣ ኩባንያው ሐኪም ያዘዘለትን ሕክምና ያላግባብ ቢከለክለውና በዚህ ምክንያት አካሉ ቢጎዳ፣ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ምን ያገኛል? መልሱ በአጭሩ፣ የተከለከለው ሕክምና ዋጋ ብቻ ነው የሚል ነው። ለደረሰበት ጉዳት ካሣ አያገኝም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ቢሆንም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በሆቴል፣ በሆስፒታልና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ አያሌ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከእነርሱም መካከል በግል ድርጅት ተቀጥረው በዚያው ኢንሹራንስ የሚያገኙት ሁሉ በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው።

ስለ ጤና ኢንሹራንስ ክስ ሲነሣ የብዙ ሰው ጆሮ የሚያዘነብለው በ2010 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን በወጣው ሕግ ላይ ወደ ቀረቡት ክሶች ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው ገንዘብ እንዲከፍል የሚያዘውን ክፍል እንደ ግብር ቈጥሮ አጸናው። በ2014 በ5 ለ4 ድምፅ፣ በጥቂት ባለቤቶች እጅ ያሉ ኩባንያዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት አንዳንድ የወሊድ መከላከያዎችን ከሠራተኞቻቸው ኢንሹራንስ ለማስቀረት እንዲችሉ ፈቀደ። በ2015 በ6 ለ3 ድምፅ መንግሥት ለኢንሹራንስ ገዢዎች የሚሰጠውን ድጎማ በስቴቶች ሁሉ አጸና፤ በ2021 ደግሞ በ7 ለ2 ድምፅ ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ ጉዳት አላሳዩም ሲል ክሱን ዘጋ። በየጊዜው ሰልፍ ነበር፤ ጋዜጦችም የዳኞቹን ስም ከሾማቸው ፕሬዚዳንት ስም ጋር እያያዙ ይጽፉ ነበር።

እነዚህ ፍርዶች ታላላቅ መሆናቸውን ጸሐፊው አይክድም። ነገር ግን በአብዛኛው የወሰኑት የኢንሹራንስ ካርድ ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚከፍልና በካርዱ ውስጥ ምን እንደሚካተት ነው። ካርዱ በችግር ቀን ሳይሠራ ቢቀር ባለካርዱ ምን እንደሚያገኝ የወሰነው ሌላ ፍርድ ነው። ይህም በ2004 ኤትና የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ይግባኝ ባይ በሆነበት ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ነው። ይህንን ፍርድ ለመመዘን አስቀድሞ የተመሠረተበትን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1963 ስቱድቤከር የተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ኢንዲያና ውስጥ በሳውዝ ቤንድ ከተማ ሥራውን ሲያቆም፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ተስፋ ያደረጉትን ጡረታ አጡ። ይህና ይህን የመሰለው በደል ከተከማቸ በኋላ ኮንግሬስ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ፎርድም በ1974 የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል በሚከበርበት ቀን ፈረሙበት። ሕጉ በአጭር ስሙ ኤሪሳ ይባላል። የታሰበው በይበልጥ ለጡረታ ቢሆንም አሠሪዎች የሚሰጡትን የጤና ኢንሹራንስም ያጠቃልላል። ሁለት ክፍሎቹን ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ከሠራተኞች ጥቅም ጋር ግንኙነት ያላቸውን የስቴቶች ሕጎች ይሽራል። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ሊያቀርብ የሚችለውን ክስ ይዘረዝራል፤ የተከለከለውን ጥቅም ለማስመለስ መክሰስ ይቻላል፣ በመከልከሉ ምክንያት ስለ ደረሰው ሥቃይ፣ ስለ ጠፋው አካል ወይም ስለ ቀረው ደመወዝ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ፍርድ ቤቱም በ1985ና በ1987 በሰጣቸው ውሳኔዎች ዝርዝሩ የተሟላ ነውና ሌላ ካሣ አይጨመርበትም ብሎ ነበር።

ውጤቱ እንግዳ ነው። ኤሪሳ የመንግሥትንና የአብያተ ክርስቲያናትን ሠራተኞች በአብዛኛው አይመለከትም። ስለዚህ የከተማ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊና የፋብሪካ ሠራተኛ ከአንድ ኩባንያ ኢንሹራንስ ቢኖራቸውና አንድ ዐይነት በደል ቢደርስባቸው፣ የመጀመሪያው በስቴቱ ሕግ ካሣ ለመጠየቅ መንገድ ሲኖረው ሁለተኛው የለውም። በአሠሪ በኩል ኢንሹራንስ ያላቸው አሜሪካውያን ከ150 ሚሊዮን በላይ ስለሆኑ፣ ሁለተኛው ሰው ብዙውን ሕዝብ የሚወክል ነው።

የቴክሳስ ስቴት ይህንን ጉድለት ለመሙላት በ1997 ሕግ አወጣ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ስለ ሕክምና ሲወስን ተገቢውን ጥንቃቄ ካላደረገ ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ ይሆናል የሚል ነው። በዚያን ጊዜ የስቴቱ አገረ ገዢ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ ሕጉን አልፈረሙበትም፤ ሳይፈረም ጸና። በ2000 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ግን ሕጉን እንደ ስቴታቸው መልካም ሥራ አድርገው ጠቀሱት። በ2004 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ አስተዳደራቸው የኢንሹራንሶቹን ወገን ደግፎ ተከራከረ። የፖለቲካ ሰዎች ቃል በምርጫ አደባባይና በችሎት ፊት እንዴት እንደሚለያይ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

ከሳሾቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ ቫዮክስ የተባለ መድኃኒት ሲያዝለት ኩባንያው በቅድሚያ ረከስ ያሉትን እንዲሞክር ጠየቀ፤ በሌላው መድኃኒት ጠንቅ ሆስፒታል ገባሁ ይላል። ሁለተኛዋ ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ናት። ሐኪሟ ተጨማሪ ቀን እንድትተኛ ቢመክርም የሌላው ኩባንያ ነርስ አንድ ቀን ይበቃል በማለቷ ወጣች፤ በኋላም ብሶባት ወደ ሆስፒታል ተመለሰች። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ክሱ በቴክሳስ ሕግ ሊታይ አይችልም ብለው ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቶማስ ናቸው።

በፍርዱ ውስጥ የተጻፈ አንድ አሳብ ጸሐፊውን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦታል። ከሳሾቹ በተከለከሉ ጊዜ በራሳቸው ገንዘብ ታክመው በኋላ ወጪውን መጠየቅ፣ ወይም ፍርድ ቤት አስቸኳይ ትእዛዝ እንዲሰጥላቸው ማመልከት ይችሉ ነበር ይላል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሰው ኢንሹራንስ የሚገባው በራሱ ገንዘብ ለመታከም ስለማይችል አይደለምን? የአሜሪካ ሆስፒታል ዋጋ የሚታወቅ ነው። በቀዶ ሕክምና ማግሥት ከአልጋ ውረጂ የተባለች ሴትስ ቁስሏን ይዛ ጠበቃ ፈልጋ፣ ማመልከቻ አጽፋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዳኛ ትእዛዝ ልታወጣ ትችላለችን? ፍርዱ የከፈተላቸው ሁለት በሮች፣ አንዱ ለባለጠጋ ሌላው ለጤነኛ የተከፈቱ ናቸው። ኢንሹራንስ ግን የተፈጠረው ድኻ ለሆነና ለታመመ ነው።

ሁለተኛው ሒስ የውሳኔውን ባሕርይ ይመለከታል። ፍርድ ቤቱ የኩባንያው ክልከላ ውልን መተርጐም እንጂ ሕክምና አይደለም ይላል። ይሁንና «አንድ ቀን ይበቃል» ብሎ መወሰን የውል ቃልን መፍታት ብቻ ነውን? በሽተኛዋን የሚመለከት የሕክምና አስተያየት ነው። በ1992 በአንድ ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቀረበው ጉዳይ ይህንን በይበልጥ ያስረዳል። አንዲት የሉዊዚያና ነፍሰ ጡር ሐኪሟ ሆስፒታል እንድትተኛ ቢያዝ፣ የኢንሹራንሱ ገምጋሚ ድርጅት ይህን ከልክሎ በቀን ለ10 ሰዓት ነርስ ቤቷ እንድትመጣ ፈቀደ። ነርሷ በሌለችበት ሰዓት ፅንሱ ሞተ። ዳኞቹ ድርጅቱ የሕክምና ውሳኔ እንደ ሰጠ አምነው፣ ነገር ግን በኤሪሳ ምክንያት ወላጆቹ ከየትም ካሣ እንደማያገኙ ፈረዱ፤ ማዘናቸውንም በፍርዱ ውስጥ ጻፉ። ዳኛ እያዘነ የሚፈርደው ፍርድ ሕጉ መታረም እንዳለበት ማስረጃ ነው።

የሌላውን ወገን ክርክርም በሚገባ ማየት ይገባል። አሠሪዎች በየስቴቱ የተለያየ ሕግ ቢጠብቃቸውና ካሣው ቢበዛ፣ ወጪው ወደ አረቦን ተላልፎ አንዳንዶቹ ኢንሹራንስ መስጠቱን ሊያቆሙ ይችላሉ ይባላል፤ ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። በ2010 የወጣውም ሕግ አብዛኛዎቹ የተከለከሉ ሰዎች ከኩባንያው ውጭ በሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ ጉዳያቸውን እንዲያሳዩ መንገድ ከፍቷል። እንዲሁም ኩባንያ ሲከለክል ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት አይቻልም። ቫዮክስ ራሱ ፍርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ወር ለልብ አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ ከገበያ ወጥቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ክሱ በማስረጃ እንዲሰማ የሚያስፈልግ መሆኑን ያሳያል እንጂ ሳይሰማ መዘጋቱን አይደግፍም። ገለልተኛ ገምጋሚም ቢሆን የነገውን ሕክምና ይፈቅዳል እንጂ ትናንት የደረሰውን ጉዳት አይክስም። ጉዳቱ የማያስከፍለው ኩባንያ ደግሞ ቢከለክልና ቢሸነፍ የሚያጣው መጀመሪያውኑ ሊከፍለው የሚገባውን ብቻ ስለሆነ፣ እንዲጠነቀቅ የሚያስገድደው ነገር አነስተኛ ነው።

ጥፋቱስ የማን ነው? የ2004 ዳኞች በአንድ ድምፅ ስለ ፈረዱ ነገሩን በፓርቲ ማሳበብ አይቻልም። ዳኛ ጊንዝበርግ ከዳኛ ብራየር ጋር ሆነው፣ በፍርዱ ቢስማሙም ኮንግሬስና ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህን ፍትሕ የጐደለው ሥርዓት እንደገና እንዲመለከቱት ጠይቀዋል። በ2001 የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው ምክር ቤቶች የበሽተኞችን መብት የሚመለከት ረቂቅ እያንዳንዳቸው አሳልፈው ነበር፤ ሁለቱን ረቂቆች ለማስማማት ሳይቻል ቀረ። በ2011 ፍርድ ቤቱ በአንድ የጡረታ ጉዳይ ላይ በርትዕ ሕግ መሠረት ገንዘብ የሚከፈልበት ሁኔታ ሊኖር እንደሚችል ስላመለከተ ጥቂት ጭላንጭል ታይቷል። ዋናው በር ግን እንደ ተዘጋ ነው። በካርዱ ጉዳይ በየምርጫው የሚፋለሙት ወገኖች፣ በካሣው ጉዳይ ላይ እስካሁን ዝም እንዳሉ ናቸው።

ለእኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ውሉን ያልፈጸመ ሰው ባለመፈጸሙ ያደረሰውን ጉዳት ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2010 ታውጇል፤ ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድንም በ2011 በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። እንግዲህ የሕግ ተማሪዎችና መምህራን ስለ መድን ስንወያይ፣ ስንት ሰው ካርድ እንደ ያዘ ከመቍጠራችን ጋር፣ ካርድ የያዘው ሰው ያላግባብ ተከልክሎ ቢጎዳ በየትኛው ደጅ ቆሞ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አስቀድመን እንጠይቅ። አሜሪካውያን ጥያቄውን ሳያነሡት በ1974 ሠራተኛን ለመጠበቅ ያወጡት ሕግ፣ ኋላ ሠራተኛውን ከካሣው የሚከለክል አጥር ሆኗል።