«ጠፋ» እና «በረደ»፤ የኒባናን ትምህርት በአማርኛ ስለ መረዳት

ከእንጭኒ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው፣ ከሙገር ሸለቆ ማዶ የሰላሌ አገር ይገኛል፤ በዚያም የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለ። የዚህ ገዳም እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም «በራላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1553 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ የክርስቲያን መነኮሳት መጽሐፍ ሆኖ ይነበብ እንጂ የታሪኩ ግንድ የቡድሃ ታሪክ ነው። ስለዚህ የቡድሃ ወሬ በግዕዝ ቋንቋ ከገባ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ታሪኩ ከገባ ትምህርቱም አብሮ ገብቷል ማለት ነውን? ይህ ጥያቄ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በ1553 መጽሐፍ ላይ የታየው ለውጥ ዛሬም የቡድሃን ትምህርት በአማርኛ ለመማር በሚነሣ ሰው ዘንድ በአንድ ቃል ምርጫ ብቻ ሊደገም ይችላል።

አስቀድሞ የስሙን ጉዞ መመልከት ይገባል። «ቡድሃ» ማለት የነቃ ማለት ነው፤ ወደ መንቃት የሚጓዘው ደግሞ ቦዲሳትቫ ይባላል። ይህ ስም በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መነሻ ላይ የሚገኙት የ«በ» እና የ«የ» ፊደላት የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዲት ነጥብ ስትጨመር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ። ከዚያ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ፣ ከጆርጂያም ወደ ግሪክ አለፈ። የግሪኩ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የዮሐንስ ዘደማስቆ ድርሰት ነው ሲባል ቆይቶ፣ ዛሬ ግን በ1028 ያረፈው የአቶስ ተራራ መነኩሴ ኤውቲምዮስ ከጆርጂያ ቋንቋ እንደ መለሰው ይታመናል። በግሪኩ ዮአሳፍ የተባለው ስም በክርስቲያኖች ዐረብኛ አልፎ በግዕዝ ይዋስፍ ሆነ። ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ዶ ኮውቶ በ1612 የሁለቱን ታሪክ መመሳሰል አስተውሎ ነበር፤ ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ በሚገባ የተረጋገጠው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የግዕዙን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በ1923 በካምብሪጅ ያሳተሙት ሰር ዋሊስ ባጅ በርእሱ ላይ ሳይቀር ክርስቲያናዊ መልክ የያዘ የቡድሃ ታሪክ መሆኑን ገልጸዋል። ስለ ግንዱ የተናገሩት እውነት ነው። ሆኖም ርእሱን ብቻ የሚያይ አንባቢ በውስጡ የቡድሃን ትምህርት አገኛለሁ ብሎ እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ከመጽሐፉ ውስጥ የቡድሃ መንፈስ ይበልጥ የሚታየው ስለ ጕድጓዱ በተነገረው ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ከአስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ይወድቅና በመካከል ባለ ዛፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከበታቹ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ አራት እባቦች ከግድግዳው ራሳቸውን ብቅ አድርገዋል፤ አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይቈረጥማሉ። ሰውዬው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ጥቂት ማር እየላሰ ያለበትን መከራ ሁሉ ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ እባቦቹ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። ምሳሌው ከሕንድ የመጣ ነው፤ በማሃባራታም ይገኛል። የሕንዱም አድማጭ፣ የግዕዙም አንባቢ የሰውን ልጅ ሁኔታ በዚህ ሥዕል አንድ ዐይነት አድርገው ያያሉ። እንግዲህ የበሽታው ምርመራ ሳይጐድል ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱ ግን አልተሻገረም። የቡድሃ ትምህርት እንደ ሐኪም አሠራር በአራት እውነቶች ይከፈላል፤ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፣ ከምን እንደ መጣ፣ ሊድን መቻሉ፣ የሚድንበትም መንገድ። የሕንዱ ልዑል ሽማግሌውን፣ በሽተኛውንና ሬሳውን ካየ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ፤ ከሁለት መምህራን ተማረ፤ አልበቃውም። ሥጋውን በጾም እጅግ አደከመ፤ ይህም ከንቱ መሆኑን ተረድቶ ተወው። ከዚያ በኋላ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ራሱ መርምሮ ነቃ። የግዕዙ ይዋስፍ ግን እውነትን ፈልጎ አይወጣም፤ መነኩሴው በራላም በነጋዴ አምሳል ወደ እርሱ ይመጣል፤ ያስተምረዋል፤ ያጠምቀዋል። በመጨረሻም ይዋስፍ ወደ በረሓ ሄዶ በብርቱ ተጋድሎ ይኖራል፤ ይኸውም የሕንዱ ልዑል ሞክሮ የተወው ኑሮ ነው። በሕንዱ ታሪክ የነገሩ ሁሉ ልብ የሆነው ከዛፉ ሥር የተደረገው መንቃት በግዕዙ ፈጽሞ የለም። የዘንዶው አፍም ገሃነም ተብሎ ስለ ተተረጐመ፣ ሰው ደጋግሞ ወደ መወለድ ይመለሳል የሚለው አሳብ ቀርቷል።

ይህ የአባ እንባቆም ጥፋት አይደለም። ለውጡ የተደረገው መጽሐፉ ከእጃቸው ከመድረሱ ከብዙ ዘመን በፊት ነበረ። የተረጐሙትም ከታላቅ ጦርነት በኋላ ነው፤ ኢማም አሕመድ በ1543 ከሞተ ዐሥር ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ፣ ከዚያም ክርስትናን ተቀብለው በደብረ ሊባኖስ የመነኰሱ ሰው ስለ ነበሩ፣ በትምህርት ልቡ ስለ ተለወጠ ልዑል የሚናገር መጽሐፍ ከሕይወታቸው ሩቅ አልነበረም። ሊወቀስ የሚገባው ትርጉሙ ሳይሆን፣ ይህን መጽሐፍ ይዞ «የኒባና ትምህርት በአገራችን ጥንት የታወቀ ነው» የሚል የዛሬ ሰው ነው።

የዛሬው ችግር የሚጀምረው ከቃላቱ ነው። የፓሊ ቋንቋ ቃላት በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ አንዳንዶቹ ሌላ ፊት ይዘው ይቀርባሉ። «ቡድሃ» ሃውን ካጣ «ቡዳ» ይሆናል፤ በሀገሩ ሰው ጆሮ ይህ ምን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። የሕይወትን ጭንቀትና አለመርካት የሚያመለክተው «ዱክኻ» ቢላላ «ዱካ»፣ ማለት የእግር ፋና ይሆናል። እነዚህን በጥንቃቄ በመጻፍ ማራቅ ይቻላል። ከባዱ ነገር «ኒባና» ራሱ ነው።

አንዳንዱ ኒባናን «መንግሥተ ሰማያት» ብሎ መተርጐም ይቀለዋል። ቃሉ ለጆሮ የለመደ ነው፤ ነገር ግን ንጉሥ የሚነግሥበት፣ ነፍስ የምትገባበት ስፍራ መኖሩን ያስባል። በቡድሃ ትምህርት ኒባና ስፍራ አይደለም፤ የሚገባበትም ዘላለማዊ ነፍስ የለም። እንዲህ ያለ ትርጉም በበራላም ወይዋስፍ የሆነውን መድገም ነው።

ሌላው ደግሞ ወደ ቃሉ ሥር ይመለሳል። ኒባና በመሠረቱ የእሳት መጥፋት ማለት ነው። ቡድሃ ለእሳት አምላኪዎች በነበሩ መነኮሳት ፊት ዐይንም፣ ጆሮም፣ ልብም በሦስት እሳት፣ ማለት በምኞት፣ በጥላቻና ባለማወቅ እንደሚቃጠሉ አስተምሯል፤ የእነዚህ እሳቶች መጥፋት ኒባና ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «መጥፋት» ቢል ለሥርወ ቃሉ ታማኝ ነው። ነገር ግን አማርኛው «ጠፋ» ሁለት ስለት አለው፤ እሳቱም ጠፋ ይባላል፣ ሰውየውም ጠፋ ይባላል። የግዕዙ «ጠፍአ»ም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት «ቡድሃ ኒባናን አገኘ» የሚለው ነገር በተማሪው ልብ «ቡድሃ ጠፋ» ወደሚል ይለወጥና ትምህርቱ ሁሉ የጥፋት ትምህርት መስሎ ይታያል። ይህ ግን ከታሪኩ ጋር አይስማማም፤ በትውፊቱ መሠረት ቡድሃ በ35 ዓመቱ ከነቃ በኋላ ሰማንያ ዓመት እስኪሆነው ድረስ 45 ዓመት እየዞረ አስተምሯል። ጠፍቶ ከሆነ ያስተማረው ማን ነው? የጠፋው ሰውዬው ሳይሆን እሳቱ ነው።

በዚህ ስፍራ የእንጭኒ ተማሪ ከሌላው የሚሻልበት ነገር አለው። እርሱ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛ የሚናገር ስለ ሆነ ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል ያውቃል። እሳት ሲጠፋ «ዻሜ» ይላል፤ ሰው ሲጠፋ «በዴ» ይላል። አማርኛው በአንድ ቃል የቀላቀለውን ቋንቋው አስቀድሞ ለይቶለታል። መምህሩ ይህን ልዩነት ከተማሪዎቹ አፍ ቢያወጣ፣ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ነገሩን ፈጥኖ ያስረዳል።

አማርኛም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። «በረደ» የሚለው ቃል ለእሳትም፣ ለትኵሳትም፣ ለቍጣም፣ ለጦርነትም ያገለግላል፤ ቍጣው የበረደለት ሰው ግን ራሱ አይጠፋም፤ ያርፋል። የፓሊ መጻሕፍትም ነጻ የወጣውን ሰው «የበረደ» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል። ከዚህም ጋር «ኡፓዳና» የሚባለው ቃል በአንድ በኩል ሙጭጭ ብሎ መያዝን፣ በሌላ በኩል ማገዶን ያመለክታል። ማገዶ ሲያልቅ እሳት እንደሚበርድ፣ መያዝ ሲቀር የልብ እሳት ይበርዳል። የደጋ ሰው ማታ እሳቱን በዐመድ አዳፍኖ ያድራል፤ ጧት ዐመዱን ገለጥ ሲያደርግ ረመጡ ይጠብቀዋል። ምኞቱን ያዳፈነ ሰው በሌላ ሰው ዐይን የበረደ ይመስላል፤ ነገር ግን አልበረደም። ዝም ማለትን፣ መጾምንና ከሰው መራቅን ብቻ ኒባና አድርጎ የሚያስብ ተማሪ ይህን ልዩነት ሊያስተውል ይገባዋል።

ይህም ቃል የራሱ ጕድለት አለው። «የበረደ» ሲባል ቸልተኛ፣ ፍቅር የሌለው የሚል ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ ቡድሃ ግን ለፍጥረት ሁሉ መራራትን አጥብቆ አስተምሯል። ስለዚህ የሚሻለው «ኒባና» የሚለውን ስም እንዳለ ይዞ «በረደ»ን ማስረጃ ማድረግ ነው እንጂ፣ አንዱን በሌላው መተካት አይደለም።

የቃሉ ነገር እንዲህ ከተያዘ በኋላም ገና ሥራው አልተፈጸመም። የፓሊ ሊቃውንት ትምህርቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ቃሉን መማር፣ በተግባር መለማመድ፣ ጠልቆ መረዳት። በአገራችንም ትምህርት ቤት ንባብን ያወቀ ሁሉ ትርጓሜን ዐውቋል አይባልም፤ ስለዚህ ይህ አከፋፈል ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆንበት የመካከለኛው ደረጃ ነው። ስምንት ክፍል ያለው መንገድ፣ ማለት ቀና አስተያየት፣ አሳብ፣ ንግግር፣ ሥራ፣ መተዳደሪያ፣ ጥረት፣ ማስተዋልና የልብ መሰብሰብ፣ በቃል የሚጠና ዝርዝር ሳይሆን የሚኬድበት መንገድ ነው። ቡድሃ ትምህርቱን ለክርክር ብቻ የሚማረውን ሰው እባብን በጅራቱ ከሚይዝ ሰው ጋር አመሳስሎታል፤ እባቡ ዞሮ ይነድፈዋል። በዚያው ስፍራ ትምህርቱን ከሣርና ከቅርንጫፍ ታስሮ ወንዝ ከሚያሻግር ታንኳ ጋር አመሳስሎታል፤ የተሻገረ ሰው ታንኳውን ተሸክሞ አይሄድም።

እንግዲህ በራላም ወይዋስፍን የሚያነብ የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ ሁለት ነገር ሊያመሰግነው ይገባል፤ የጕድጓዱን ምሳሌ በራሱ የጥንት ቋንቋ ስላቈየለትና፣ አንድ ትምህርት ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ምን እንደሚቀርበት በግልጥ ስላሳየው። ከጕድጓዱ መውጫው መንገድ ግን ከዚያ መጽሐፍ አይገኝም፤ ከፓሊው መጻሕፍት መፈለግ አለበት። ፍለጋውም ለሚያደናግረው ቃል ሁሉ የአገሩን ቋንቋዎች እያስመሰከረ፣ «ጠፋ» ሲባል የጠፋው ምን እንደ ሆነ ከመጠየቅ ይጀምራል።