«እንደ»ን ማደን፦ የዘይቤ ትምህርትና የፈተና ጥያቄው

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት በተወቀሰ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው በስያሜዎቹ ላይ ነው። ተማሪው ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ እያለ ይሸመድዳል፤ ፈተናው ባለፈ ማግስት ሁሉንም ይረሳል፤ ስለዚህ ከግጥም ጋር ያቆራረጡት እነዚህ ቃላት ናቸው ይባላል። ገጣሚዎች ይሉታል፣ ወላጆች ይሉታል፣ የሰለቻቸው መምህራንም ይሉታል። እኔ ክሱ ያለ ጥፋተኛው የቀረበ ይመስለኛል። በደሉ ያለው ስያሜው በሚጠየቅበት መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከነበረበት ግጥም ተገንጥሎ፣ አራት ምርጫ ተደርድሮለት፣ «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» በሚባልበት ልማድ ላይ።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ አከራካሪ አይደለም። እስከ 2011 ዓ.ም. አማርኛ በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ ነበር፤ መልስ ወረቀቱ በማሽን ስለሚታረም ጥያቄውም ምርጫ ሆነ። «ማትሪክ» ይባል የነበረው ያ ፈተና ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አማርኛን አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ተደናገጠ፤ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መካከል ግን ስለ ሥነ ጽሑፍ ንባብ የተነሣ ነገር አልነበረም፣ ሊነሣም አይችልም ነበር። ከ8ኛ ክፍል በኋላ የአማርኛ መምህሩ ጥያቄውን በራሱ እጅ ያወጣል። ማትሪኩ የለም፤ የማትሪኩ ጥያቄ ግን በየክፍል ፈተናው፣ በየወርክሺቱና በየአጋዥ መጽሐፉ እንደ ቀድሞው አለ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም የተለመደውን፣ ተነጻጻሪን ከተለዋጭ የሚያስለየውን፣ ረጋ ብለን እንመልከት። አጋዥ መጽሐፉ ለተማሪው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ «እንደ»ን ወይም «መሰለ»ን ካየህ ተነጻጻሪ፣ ካላየህ ተለዋጭ። ምክሩ ነጥብ ያስገኛል። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ፣ ዓይኑን በቃላቱ ላይ ሮጥ አድርጎ አንዲት ቃል ብቻ ፈልጎ ማክበብ ይችላል። ነገር ግን «ልጁ እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ» የሚለው ውስጥ «እንደ» አለ፤ ዘይቤ ግን የለም፤ አባትም ልጅም በእውን ሐኪሞች ናቸውና። «እንደ መጣች ተኛች» የሚለው ጊዜን ይነግረናል። «መታመሙን እንደ ሰማሁ ሄድኩ» የሚለውም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ይህ ነው፦ «እንደ አስተማሪ ተናገረ።» ሰውዬው አስተማሪ ከሆነ በሙያው ሥልጣን ተናገረ ማለት ነው፤ ካልሆነ የአስተማሪን አነጋገር ያዘ፣ ምናልባትም ሳይገባው ወንበር ላይ ወጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተራ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ማነጻጸርም ውስጥ ውስጡን የሚነክስ ትችትም ነው። የትኛው እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ከፊቱና ከኋላው ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የፈተናው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ «እንደ»ን ማደን የሥነ ጽሑፍ ዕውቀት አይደለም። የሰዋስው ዕውቀትም ቢሆን ጎደሎ ነው።

ይህ ጉድለት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሌላ የዘይቤ ሥርዓት ጎን ሲያቆሙት ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ በአል ዋሕዳ፣ በዋናው አውቶቡስ ጣቢያ ዙሪያ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር፣ ቀን በትምህርት ቤት ዐረብኛን ከነበላጋው፣ ማለትም ከነንግግር ጥበቡ፣ የምትማር፣ ማታ እናቷ አማርኛ የምታስጠናት ኢትዮጵያዊት ተማሪ እናስብ። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንስጣት። አንደኛው፦ «ይህች ከተማ በነሐሴ እንደ ምጣድ ትግላለች።» ሁለተኛው፦ «ይህች ከተማ ምጣድ ናት።» ሦስተኛው፦ «በዚህ ምጣድ ላይ እንጀራዬን ጋገርኩ።»

በአማርኛው ደብተር የመጀመሪያው ተነጻጻሪ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተለዋጭ ናቸው። በዐረብኛው ደብተር ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው። በላጋ ማነጻጸርን፣ ተሽቢህን፣ በአራት ምሰሶ ያቆመዋል፦ የሚመሰለው፣ የሚመሰልበት፣ ማመሳሰያው ቃል፣ እና ሁለቱ የሚገናኙበት ባሕርይ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አራቱንም አሟልቷል፤ ከተማ፣ ምጣድ፣ «እንደ»፣ መጋል። ሁለተኛው ማመሳሰያውንና መገናኛ ባሕርዩን ጥሏል፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች ስላሉ አሁንም ተሽቢህ ነው፣ እንዲያውም ከፍተኛው ዓይነት፣ ተሽቢህ በሊግ የሚባለው። ኢስቲዓራ፣ ማለትም በውሰት የሚነገረው፣ ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ከተማዋ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥታ ምጣዱ ብቻ ቀርቷልና። እንግዲህ ልጅቷ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቀን በአንዱ ስም፣ ማታ በሌላው ስም ጠርታ በሁለቱም ቤት ትክክል ትባላለች።

ማን ተሳሳተ? ማንም። የአማርኛው መማሪያ በእንግሊዝኛ መማሪያዎች በኩል የመጣውን የምዕራቡን አከፋፈል ይዟል፤ ዐረቦቹ የራሳቸውን ይዘዋል። አርስቶትልም ራሱ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ሦስተኛ መጽሐፍ ተነጻጻሪ ከተለዋጭ የሚለየው በጥቂቱ እንደሆነ፣ በባሕርዩም ያው ተለዋጭ እንደሆነ ይናገራል። ስያሜዎቹ አንድ አባባል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱ አሳቦች ናቸው፤ አሳብ ደግሞ ሊፈተንና ሊነጻጸር ይችላል። የእኛ ፈተና ግን እንደ ማኅተም ይጠቀምባቸዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ገባ ብለን፣ ስማቸውን ትተን ሥራቸውን እንይ። የመጀመሪያው «ትግላለች» ብሎ መገናኛውን ስለ ነገረን ለአንባቢው የተረፈ ሥራ የለም፤ ነገሩ ሙቀት ነው፣ አለቀ። ሁለተኛው ሲዘጋ አንባቢው ይጀምራል። ምጣድ ይግላል፤ ምጣድ ጥቁር ነው፤ ምጣድ ላይ የሚወድቅ ሊጥ አለ፣ ያ ሊጥ ማን ነው? የባሕረ ሰላጤውን ሙቀት በጀርባው የተሸከመ ሰው መልሱን ፈልጎ አያጣውም። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ሌላ ቤት ይወስደናል። ሰሙ የምድጃ ዳር ሥራ ነው፤ ወርቁ በሰው አገር ኑሮን ማግኘት ነው፤ የሁለቱ መገናኛ አማርኛ ለምግብም ለመተዳደሪያም የሚጠቀምበት «እንጀራ» ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል ነገርና ስለሚያኖር ነገር ይናገራል፤ ምሬቱንና ምስጋናውን ለያይቶ ማውጣት አይቻልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው በምርጫ ጥያቄ ላይ ቢወጡ ግን የሁለቱም መልስ አንድ «ለ» ነው።

ዐረቦቹ ስያሜው ሥራውን በሚሸፍንበት በዚህ አደጋ ውስጥ ከእኛ በፊት አልፈዋል። በ1078 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው አብዱልቃሂር አል ጁርጃኒ የንግግር ውበት በነጠላ ቃል ውስጥ እንደማይገኝ፣ ቃል ከቃል ጋር በሚቀናጅበት ሥርዓት ውስጥ እንደሚኖር አጥብቆ ተከራከረ፤ ጥቅስ እያመጣ፣ አንድ ቃል ቦታ ቢቀይር ምን እንደሚጠፋ እያሳየ። በ1229 እ.ኤ.አ. ያረፈው አስ ሰካኪና ተከታዮቹ ይህን ንባብ በክፍልና በንዑስ ክፍል ከፋፍለው ለትምህርት አመቻቹት። ማስተማሪያው ቀለለ፤ ከዘመናት በኋላ ግን የዐረብ ሐያስያን ራሳቸው በላጋ ደርቋል ብለው አጉረመረሙ። የመድረቁ ምክንያት ስያሜ መብዛቱ እንዳልሆነ እዚሁ አቡ ዳቢ ማየት ይቻላል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው «ሻዒር አል ሚሊዮን» በተባለው የነበጢ፣ ማለትም በሕዝቡ አነጋገር የሚገጠም የዐረብኛ ግጥም፣ ውድድር ላይ ዳኞች ገጣሚው እንዳነበበ ስለ ምስሉ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ አሰነኛኘቱ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ይከታተላል። ግጥሙ ፊት ለፊት ስላለ ስያሜው ማንንም አያሰለችም።

እኛ ከዚህ የሚያንስ ወግ አልነበረንም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፣ በጊዜው ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ሰም፣ ወርቅ፣ ኅብር፣ ውስጠ ወይራ የሚሉት ቃላት ለእሱ የመታረሚያ ቃላት ናቸው። ሰሙ ሳስቶ ወርቁ አፍጥጦ ቢወጣ የሚያፍረው በራሱ ቅኔ ነው። ቤቱን ማሞገስ ብቻም አይበቃም፤ ዓመታት ይፈጃል፣ በግእዝ ነው፣ ደጁም ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። ወደ ዘመናዊው ክፍል እንዳለ ይዛወር የሚል ካለ አልስማማም። ልንወስደው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፦ በዋሸራም በጎንጅም በዋድላም ቅኔ ቤት ስያሜው ከሥራው ተለይቶ አልተሰጠም። የእኛ መማሪያ «ሰምና ወርቅ»ን ሲያስተምር ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያሰምራል፤ በግራ ሰም፣ በቀኝ ወርቅ። ተማሪው ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙን ይጥለዋል። የቅኔው ደስታ ግን ሁለቱ አብረው በሚኖሩበት ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ሠንጠረዡ ያንን ቅጽበት በሁለት ሰንጥቆታል።

ስያሜዎቹን ከነአካቴው እናስወጣ የሚሉትን ግን መቀበል ያቅተኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ገጣሚ ደበበ ሰይፉ «ገጸ ባሕርይ»ን፣ «ሴራ»ን፣ «መቼት»ን የመሰሉ ቃላትን በማውጣት ስሙ ይነሣል። በ1973 ዓ.ም. የወጣው «የቴያትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» አንድ አማርኛ አንባቢ ስለ ተውኔት አሠራር በራሱ ቋንቋ እንዲያስብ መንገድ ከጠረጉት መጻሕፍት አንዱ ነው። ከእሱ በኋላ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»፣ የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» መጥተዋል። ዛሬ ቡና ቤት የተቀመጡ ወጣቶች ስለ አንድ ፊልም ሲከራከሩ «ገጸ ባሕርዩ አላሳመነኝም» ይላሉ፤ ቃሉ ሰው የሠራው መሆኑን እንኳ አያስቡም። ለአንድ ቋንቋ የማሰቢያ ቃል መስጠት ትልቅ ቸርነት ነው፤ ደበበ በግጥሞቹ ብቻ የሚታወስ ከሆነ ግማሽ ውለታውን ዘንግተናል። ያንን ቃል ለሦስት ነጥብ ጥያቄ ማሟያ አድርገን የተውነው እኛ ነን።

በረጅም ልቦለድ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይብሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲነበብ የሰማው ሕዝብ የ«ዐቢይ ገጸ ባሕርይ»ን ትርጉም ሳያውቅ ለበዛብህ አለቀሰ። ተማሪው ትርጉሙን ያውቃል፤ በዛብህን ግን የሚያውቀው በማስታወሻው ላይ «ዐቢይ ገጸ ባሕርይ፣ የቅኔ ተማሪ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ» ተብሎ በተጻፈለት መስመር ነው። ስእለቱ መላ ሕይወቱን እንዴት እንደ ያዘው፣ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ አስቂኝ ሆነው ሳለ ለምን እንደሚያስፈሩ ማንም አይጠይቀውም። መጽሐፉን ሳይከፍቱ ሙሉ ነጥብ ማግኘት የሚያስችል የሥነ ጽሑፍ ፈተና በተማሪው ላይ የተፈጸመ በደል ነው፤ ከዚህ ለስላሳ ቃል አላገኘሁለትም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ የተማሪው ብዛት፣ የመምህሩ ድካም፣ የማረሚያ ጊዜ። እውነት ነው፤ ስድሳ ሰባ ተማሪ ያለበትን ክፍል የሚይዝ መምህር በሳምንት የአምስት ክፍል ድርሰት ያርም ማለት ጭካኔ ነው። ይሁን እንጂ ምርጫ ጥያቄም ቢሆን ጽሑፉን ይዞ መቅረብ ይችላል። የማይታወቅ ግጥም ይሰጥ፤ «ከሦስተኛው ስንኝ ‹እንደ› ቢወጣ ከሚከተሉት የትኛው ትርጉም ይጠፋል?» ይባል። ይህም በማሽን ይታረማል። የማይታወቅ ግጥም ምን እንደሚያጋልጥም ምስክር አለ፤ ሐያሲው አይ.ኤ. ሪቻርድስ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የካምብሪጅ ተማሪዎች የደራሲው ስም የሌላቸውን ግጥሞች ሲያነቡ እንዴት እንደ ተደናገሩ አሳይቷል፤ የተደናገሩት ብዙ የተማሩ ነበሩ፤ ያጡት ከፊታቸው ያለውን ቃል ታግሦ የማየት ልምድ ነበር።

አማርኛ ወደ አገር አቀፍ ፈተና ይመለስ የሚለው ጥያቄ አሁንም አሁንም ይነሣል። በድሮው መልኩ ከሆነ ባይመለስ እመርጣለሁ። ከተመለሰ ግን ቢያንስ አንድ ጥያቄ ተማሪው ያላየው ስምንት ወይም ዐሥር ስንኝ ይዞ፣ የግማሽ ገጽ ክፍት ቦታ ትቶ ይምጣ። ከዐሥር ነጥብ ሁለቱ ለዘይቤው ስም ይሰጡ፤ ስምንቱ ዘይቤው በዚያ ቦታ ምን እንደሠራ በራሱ ዓረፍተ ነገር ላስረዳ ተማሪ ይሁኑ፤ ስሙን ስቶ ሥራውን በትክክል ያስረዳም ስምንቱን ይዞ ይውጣ።