«ቅጥያ» ስለተባለው ስያሜ አጭር አስተያየት

ኮልፌ ቀራንዮ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብቶ «ኤክስቴንሽን» የሚል ሰው የሚቀርብለት ባለ ገመድ የሶኬት ማራዘሚያ ነው። ተማሪው በቃሉ የማታውን ትምህርት፣ የግብርና ባለሙያው ለገበሬ የሚሰጠውን የምክር አገልግሎት ይረዳበታል። አሳሽ ወይም ብራውዘር በሚባለው የኢንተርኔት መመልከቻ ላይ ለሚቀጠለው አነስተኛ ፕሮግራምም ያው ቃል ከተሰጠ አራት ፍች ሊሸከም ነው።

በምትኩ የተሠራበት «ቅጥያ» የሰዋስው ቃል ከመሆኑም በላይ የፋይል ስም መድረሻን ስለሚያመለክት ይነቀፋል። ይሁን እንጂ ዝምድናው ጠቀሜታ አለው። የብዙ ቁጥር ቅጥያ በ«ቤት» ላይ «-ኦች»፣ በ«በሬ» ላይ «-ዎች» እንደሚሆን ሁሉ፣ የአሳሽ ቅጥያም ተሸካሚውን ተከትሎ መልኩን ይለውጣል። ፋየርፎክስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለክሮም የቀረበ ሥርዓት ቢይዝም፣ ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍል የሚነሣበት መንገድ በሁለቱ አንድ አይደለም። የአማርኛው ጽሑፍ ግን ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ፋይል ይቀመጣል፤ ተርጓሚው ቃሉን ከሳተ ስሕተቱ ፋይሉን ተከትሎ ከአሳሽ ወደ አሳሽ ይሄዳል።

ስለዚህ ስያሜው ይጽና፤ ሆኖም ብቻውን ሳይሆን «የአሳሽ ቅጥያ»፣ «የፋይል ስም ቅጥያ» እየተባለ በየዘርፉ ተለይቶ ይመዝገብ።